«ሊ»፦ አንድ ፊደል፣ ብዙ ስም

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸው አስቀድሞ ይታወቅ።

በ1951 የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጦር ኮሪያ በደረሰ ጊዜ፣ ዘማቾቹ በሥሩ ይዋጉለት የነበረው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ ኖርዌያዊው ትሪግቬ ሊ ነበሩ። ጦሩ ሊረዳት የዘመተላት የደቡብ ኮሪያ ሪፐብሊክ ፕሬዚዳንት ደግሞ ሲንግማን ሪ ይባሉ ነበር። የሁለቱን ሰዎች ስም በአማርኛ የሚጽፍ ሰው አንዱን በ«ሊ»፣ ሌላውን በ«ሪ» መዝግቦ ያልፋል። በሩቅ ምሥራቅ «ሊ» የሚባል ብዙ ሕዝብ እንዳለ የሰማ አንባቢም፣ ከሁለቱ አንዱን ከዚያ ወገን እንዲመድብ ቢጠየቅ በፊደሉ ተመርቶ ዋና ጸሐፊውን መምረጡ አይቀርም።

እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። «ሪ» ተብለው የተጻፉት የኮሪያው ፕሬዚዳንት ስማቸው የሚጻፈው፣ በመቶ ሚሊዮን የሚጠጋ ቻይናዊ «ሊ» እያለ በሚጠራበት በዚያው ምልክት ነው። የኖርዌያዊው «ሊ» ግን ከዚህ ወገን ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ በአገሩ ቋንቋ የኮረብታ ጐን ማለት ነው። እንግዲህ ፊደል ባዕዳኑን አዛምዶ ዘመዳሞቹን ለያይቷል ማለት ነው።

ነገሩ የቋንቋ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ የዚህን ጉባኤ ጊዜ ለመውሰድ ባልበቃ ነበር። ነገር ግን መጽሐፍን በደራሲው ስም ለሚመዘግብ፣ ደብዳቤን በባለጉዳዩ ስም ለሚያስቀምጥ፣ የትምህርት ማስረጃን ከባለቤቱ ጋር ለሚያገናኝ ሠራተኛ ስም የመዝገቡ በር ነው። በሩ ከተሳሳተ የአንዱ ሥራ ለሌላው ይቈጠራል፤ ያለው ሰነድ እንደሌለ ይሆናል፤ ውርስ የሚጠይቅ ልጅ የአባቱ ልጅ መሆኑን ማስረዳት ያቅተዋል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ በመዝገብ ላይ የሚያሰፍረው ግን ሰው ነው፤ ሰውም ይሳሳታል። ስለዚህ ይህች አጭር ቃል ከየት ከየት እንደመጣች መመርመር ለሙያው የሚበጅ ትምህርት ይሰጣል።

፩. ቃሉ በአገር ቤት

በመጀመሪያ «ሊ» በአማርኛም ባዳ አይደለችም። የ«ለ» ሣልስ ከመሆኗም በላይ በግሥ መነሻ ላይ ስትገባ ሐሳብንና መቃረብን ታመለክታለች። «ሊማር ሄደ» ሲባል የሄደበትን ዓላማ፣ «ሊመጣ ነው» ሲባል የመምጣቱን መቃረብ ትናገራለች። ብቻዋን ስትቆም ግን ትርጉም የላትም።

በግዕዝ «ሊተ» ማለት «ለእኔ» ማለት ነው። በዕብራይስጥም «ሊ» ብቻዋን «ለእኔ» ትላለች። ሁለቱ ቋንቋዎች ከአንድ የሴም ግንድ ስለ ወጡ መመሳሰሉ የአጋጣሚ ሳይሆን የዝምድና ነው። በእስራኤል «ሊኦር» የሚባል ሰው ስሙ «ብርሃን ለእኔ» ማለት ሲሆን፣ «ሊአት» የምትባል ሴት ደግሞ «አንቺ የእኔ ነሽ» የሚል ስም ይዛለች። ስለዚህ ገና ከቤት ሳይወጣ ይህች ፊደል አንድ ጊዜ የግሥ አካል፣ ሌላ ጊዜ የባለቤትነት ቃል ሆና ትገኛለች።

፪. ምንጣሮ፣ ዳገትና ባለቅኔ

በእንግሊዝ አገር «ሊ» የተባለው የቤተሰብ ስም በብዛት የሚመጣው «ሌአህ» ከሚለው የጥንት እንግሊዝኛ ቃል ነው። ትርጉሙ በደን መካከል ያለ ገላጣ ስፍራ ነው፤ የኢትዮጵያ ገበሬ ምንጣሮ ከሚለው ብዙ አይርቅም። ከምንጣሮው አጠገብ የሚኖር ሰው በቦታው ተጠራ፤ ስሙም ለልጅ ልጆቹ ተረፈ። ይኸው ቃል በሌሎች ስሞች መጨረሻ ላይ ተሸሽጎ ይገኛል። «ስታንሊ» የድንጋያማው ምንጣሮ፣ «ብራድሊ» ደግሞ የሰፊው ምንጣሮ ማለት ነው።

በዚያው በእንግሊዝኛ፣ በአነጋገር ከዚህ ጋር አንድ የሆነ ሌላ «ሊ» አለ፤ ይኸውም ከነፋስ የተከለለውን ወገን፣ ከለላውን የሚያመለክተው የመርከበኞች ቃል ነው። በብዙ ቍጥር የሚነገር ሦስተኛ ቃልም ከፈረንሳይኛ ገብቷል፤ ትርጉሙ በወይን ጠጅ በርሜል ሥር የሚቀረው አተላ ነው። አተላውም፣ ከለላውም፣ ምንጣሮውም በጆሮ አንድ ናቸው፤ በምንጭ ግን አይገናኙም። ስለዚህ የአንድን ሰው ስም መዝገበ ቃላት ከፍቶ ባገኙት የመጀመሪያ ፍቺ መተርጐም አደገኛ ነው።

ወደ አየርላንድ ሲሻገሩ ነገሩ ይለወጣል። በዚያ «ሊ» ከሚባሉት ቤተሰቦች ብዙዎቹ በጥንቱ ጌልኛ ስማቸው የባለቅኔ ልጅ፣ የግጥም ሰው ዘር የሚል ነበር። የእንግሊዝ አስተዳደር በአገሩ ከሠፈነ በኋላ ስሞች በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሲመዘገቡ፣ የባለቅኔው ስም ወደ አጭሩና ወደ ቀላሉ «ሊ» ተጠቃለለ። በመዝገቡ ላይ ከእንግሊዛዊው የምንጣሮ ሰው ጋር ተቀላቀለ፤ ከስሙ ውስጥ ግጥሙ ጠፋ። ይህን ያደረገው ጦር ሳይሆን የጸሐፊ ብዕር መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

የኖርዌዩ ስም ምንጭ የኮረብታ ጐን የሚል የጥንት ቃል ነው። በኖርዌይ ገጠር ሰው በአባቱ ስምና በሚኖርበት እርሻ ስም ይጠራ ነበር። የአባት ስሙ በየትውልዱ ይለዋወጣል፤ እርሻውን ሲለቅም የእርሻው ስም ሊለወጥ ይችል ነበር። እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ የማይለወጥ ስም እንዲይዝ በሕግ የተወሰነው በ1923 ነው። ስለዚህ የአባትን ስም አስከትሎ መጠራት ለአውሮፓ እንግዳ ነው የሚለው አስተያየት ትክክል አይደለም፤ አይስላንድ እስከ ዛሬ ድረስ በዚሁ ልማድ ጸንታ ትኖራለች።

በአሜሪካም «ሊ» የታሪክ ሸክም አለበት። ለባርነት መቀጠል የቆመውን የደቡብ ክፍለ ግዛቶች ጦር የመሩት ጄኔራል ሮበርት ሊ (1807–1870) ይህን ስም ይዘው ነበር፤ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ኑሮ ታላላቅ ፊልሞችን ያዘጋጀው ስፓይክ ሊም ይህንኑ ስም ይዟል። ባርነት በ1865 ከተሻረ በኋላ ነፃ የወጡ ሰዎች የቤተሰብ ስም ሲያስመዘግቡ አንዳንዱ የቀድሞ ጌታውን ስም ያዘ፤ ሌላው የወደደውን መረጠ። ስለዚህ በዚያ አገር የስም አንድነት የሥጋ ዝምድናን አያስረዳም፤ የነጻነትንም ሆነ የባርነትን ታሪክ በራሱ አይናገርም።

፫. የፕሪም ዛፍ

ቻይና በ2007 ይፋ ባደረገችው ቈጠራ «ሊ» የተባለው ዋናው የቤተሰብ ስም ከ90 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ይዞ ተገኝቷል። የስሙ ምልክት ከሁለት ክፍል የተሠራ ነው፤ ከላይ ዛፍ፣ ከታች ልጅ። ትርጉሙ ፕሪም ነው፤ የፍሬውም የዛፉም ስም ነው። ኮክና ፕሪም በአንድነት ሲጠሩ በቻይንኛ አነጋገር የመምህር ደቀ መዛሙርት ማለት ስለሆነ፣ ብዙ ተማሪ ያፈራ መምህር ኮኩና ፕሪሙ አገር ሞላ ይባልለታል።

ስለ ስሙ አመጣጥ የሚነገረው አፈ ታሪክ የሚከተለው ነው። የቤተሰቡ ጥንተ አባቶች የፍርድ ሹማምንት ስለ ነበሩ፣ በአነጋገር አንድ በሆነ በሌላ ምልክት፣ ሥርዓትንና ፍርድን በሚያመለክት ስም ይጠሩ ነበር። ከዘሩ አንዱ ከንጉሥ ቍጣ ሲሸሽ በበረሃ በፕሪም ፍሬ ሕይወቱ ተረፈ፤ ስለ ውለታውም የስሙን ምልክት ከፍርድ ወደ ፕሪም ለወጠ። ታሪኩ እውነትም ይሁን ተረት፣ የቻይና ሕዝብ በጆሮ የሚሰማውንና በዐይን የሚታየውን ስም ለይቶ ማሰቡን ያሳያል።

ስሙ የበዛው በመዋለድ ብቻ አይደለም። ከ618 እስከ 907 ቻይናን የገዛው የታንግ ሥርወ መንግሥት የ«ሊ» ቤተሰብ ነበር። ነገሥታቱም ለታማኝ የጦር አለቆች፣ ባዕዳን ቢሆኑም እንኳ፣ የራሳቸውን ስም በሽልማት ይሰጡ ነበር። በ869 የሻቶ ቱርኮች አለቃ ሹዬ ቺሺን በውጊያ ባሳየው አገልግሎት «ሊ ጐቻንግ» የሚል ስም ከዙፋኑ ተቀበለ። በኢትዮጵያ ንጉሥ ካባና ማዕረግ እንደሚሸልም፣ በዚያ ዘር ተሸለመ ማለት ይቻላል። እንግዲህ የዛሬው «ሊ» ከማን እንደ ተወለደ በስሙ ብቻ መናገር አይቻልም።

ከፕሪሙ «ሊ» ሌላ በቻይና «ሊ» የሚባሉ የተለያዩ ቤተሰቦች አሉ። እነዚህም በምልክትም በድምፅ አነሣሥም ይለያያሉ። አንዱ ድምፁን ከፍ እያደረገ፣ ሌላው ዝቅ አድርጎ መልሶ እያነሣ፣ ሦስተኛው ከላይ ወደ ታች እየጣለ ይጠራል። የላቲን ፊደል ግን ያለ ተጨማሪ ምልክት ሲጻፍ ይህን ሁሉ ይውጠዋል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ «አለ» የሚለውን ቃል ማሰብ ይበቃዋል። ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ»፣ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ይሆናል፤ ፊደሉ ግን አንድ ነው። ባለ ቋንቋው በአገባቡ ይለየዋል፤ የሰው ስም በካርድ ላይ ብቻውን ሲቆም ግን አገባብ የለውም።

፬. ስሙ ባሕር ሲሻገር

የፕሪሙ ምልክት ወደ ኮሪያ ከገባ በኋላ ከ1392 እስከ 1910 አገሩን የገዛው የጆሰን ሥርወ መንግሥት ስም ሆነ። በ2015 በተደረገው የደቡብ ኮሪያ ሕዝብ ቈጠራ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በዚህ ስም ተመዝግቧል። በደቡቡ አነጋገር በቃል መነሻ ላይ ያለው ድምፅ ስለሚወድቅ ስሙ «ኢ» ተብሎ ይጠራል፤ በሰሜኑ «ሪ» ይባላል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ግን አንዱ ቤተሰብ «ሊ»፣ ሌላው «ዪ»፣ ሌላው «ሪ» በሚያሰኝ መንገድ ይጽፈዋል። በ2007 የደቡብ ኮሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በጥንቱ አጠራር የሚጠቀሙ ቤተሰቦች ስማቸውን በዚያው አጠራር በመዝገብ እንዲያሰፍሩ ፈቀደ። አንዲት ድምፅ ለማስመለስ ሰዎች እስከ ፍርድ ቤት መሄዳቸው ስም ምን ያህል ክብር እንዳለው ያስረዳል።

የኮሪያ ሕዝብ ይህን ክብር በመከራም አውቆታል። የጃፓን ቅኝ አገዛዝ በ1940 በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ ኮሪያውያን የጃፓን ዓይነት የቤተሰብ ስም እንዲይዙ ተገደዱ፤ ስማቸው የተመለሰላቸው ከነጻነት በኋላ ነው። በኢንዶኔዥያም በ1966 የወጣ የመንግሥት ውሳኔ የቻይና ዘር ያላቸው ዜጎች ስማቸውን ወደ አገሩ ዓይነት እንዲለውጡ ገፋፋቸው። እነዚህ ሰዎች ቀድሞ የፕሪሙን «ሊ» ይጽፉ የነበረው በሆላንድኛ የአጻጻፍ ልማድ ነው፤ ይህም አጻጻፍ ከኖርዌዩ «ሊ» ጋር በፊደል ብዛትና ቅደም ተከተል አንድ ሆኖ ተገኘ። በኢንዶኔዥያ የቻይናውያን ሥነ ጽሑፍ አባት ተብሎ የሚጠራው ሊ ኪም ሖክ (1853–1912) እና ዋና ጸሐፊው ትሪግቬ ሊ በላቲን ፊደል በተዘጋጀ የስም ዝርዝር ውስጥ ጐን ለጐን የሚቀመጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የቬትናሙ ታሪክ ነው። ከ1009 እስከ 1225 ቬትናምን የገዛው ሥርወ መንግሥት ይህንኑ የፕሪም ምልክት በአገሩ አነጋገር «ሊ» ብሎ ይጠራበት ነበር። ዙፋኑ ወደ ሌላ ቤተሰብ ሲዛወር፣ አዲሶቹ ገዢዎች የቀድሞው ንጉሣዊ ቤተሰብ ስሙን ለውጦ «ንጉየን» እንዲባል አዘዙ። እንደሚተረከው ግን ከመሳፍንቱ አንዱ፣ ሊ ሎንግ ቱዎንግ፣ በ1226 ገደማ በመርከብ ሸሽቶ ኮሪያ ደረሰ፤ በዚያም ንጉሡ ተቀብሎ መሬት ሰጠው። ዘሮቹ የህዋሳን ወገን ተብለው እስከ ዛሬ ይኖራሉ። በ1990ዎቹ የዚህ ወገን ሰዎች ወደ ቬትናም ሄደው የጥንት አባቶቻቸውን ቤተ መቅደስ ተሳልመዋል። በአገሩ እንዲጠፋ የታዘዘው ስም በባዕድ አገር ከ700 ዓመት በላይ የቆየው የትውልድ መዝገብ በጥንቃቄ የሚጽፉና የሚጠብቁ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። ይህ ለመዝጋቢ ሙያ ትልቅ ምስክር ነው።

፭. ቅደም ተከተልና የኢትዮጵያ ስም

ሌላው ችግር የስም ቅደም ተከተል ነው። ከ1959 እስከ 1990 የሲንጋፖር ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሊ ኳን ዩ የቤተሰብ ስማቸው በፊት ይመጣል። የፊልም ተዋናዩ ብሩስ ሊ (1940–1973) እና የፊልም አዘጋጁ አንግ ሊ ግን በምዕራባውያን ልማድ ስማቸው ኋላ ይመጣል። ሦስቱም በአንዱ የፕሪም ምልክት የሚጻፉ ናቸው። የመጨረሻውን ቃል ሁልጊዜ የቤተሰብ ስም አድርጎ የሚመዘግብ ሠራተኛ ሁለቱን በ«ሊ»፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን በ«ዩ» ሥር ያስቀምጣቸዋል።

በዚህ ስሕተት ኢትዮጵያውያን ራሳቸው ሲጐዱ ኖረዋል። ኢትዮጵያዊ የራሱ ስምና የአባቱ ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለውም። በ1960 በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ በብዙ የውጭ አገር መጻሕፍት «ቢቂላ» ተብሎ ይጠራል፤ ይህ ግን የአባቱ ስም ነው። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴን «ሥላሴ» ብሎ የሚጠራ ጸሐፊም የስሙን ግማሽ ቈርጦ ቅድስት ሥላሴን ንጉሥ ያደርጋል። «ገብረ ማርያም» የሚለው ስም በባዕድ አገር መዝገብ ለሁለት ሲከፈል «ገብረ» የሰውየው፣ «ማርያም» የቤተሰቡ ይሆናል፤ ልጆቹም ሳያስቡት «ማርያም» የሚባል ዘር አላቸው።

ጉዳቱ ለአነጋገር ብቻ አይደለም። አባት በአባቱ ስም፣ እናት በአባቷ ስም፣ ልጅ በአባቱ ስም ሲመዘገቡ በአንድ ቤት ሦስት የቤተሰብ ስም ይወጣል፤ በኤምባሲና በጠረፍ መስኮት ፊትም እናትና ልጅ ዝምድናቸውን እንዲያስረዱ ይጠየቃሉ። በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ ወደ እስራኤል ከገቡት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ በምዝገባ ጊዜ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው፤ የአባት ወይም የአያት ስምም ቋሚ የቤተሰብ ስም ሆኖ ተጻፈላቸው። ወላጅ ያወጣውን ስም የማያውቅ ጸሐፊ በአንድ ቀን ለወጠው፤ ከዓመታት በኋላ የቀድሞ ስሙን መልሶ የያዘ ሰውም አልጠፋም።

ሙያው ለዚህ መፍትሔ ሳያበጅ አልቀረም። በ1961 በፓሪስ የተካሄደው ዓለም አቀፍ የካታሎግ መርሖ ጉባኤ፣ የደራሲ ስም በየትኛው ቃል እንደሚመዘገብ የሚወሰነው በተቻለ መጠን በደራሲው አገር ልማድ መሆን አለበት ሲል ተስማምቷል። በዚህ መርሖ መሠረት ኢትዮጵያዊ በራሱ ስም፣ ቻይናዊ በቤተሰቡ ስም ይገባል። ደንቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ደንብ የሚሠራው መዝጋቢው የባለስሙን አገር ጠይቆ ሲያውቅ ብቻ ነው። የኮምፒዩተር መዝገብ የመጀመሪያና የመጨረሻ ስም የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ብቻ ሲያቀርብ፣ ዝም ብሎ መሙላት የቀድሞውን ስሕተት በፍጥነት ከማብዛት በቀር ሌላ ጥቅም የለውም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገር ይገኛል። አንደኛ፣ የስም አንድነት የዘር አንድነት ማስረጃ አይደለም፤ የስም ልዩነትም የዘር ልዩነት ማስረጃ አይደለም። ሁለተኛ፣ ስም በሌላ ፊደል ሲጻፍ የመጀመሪያው አጻጻፍ ከጐኑ መቀመጥ አለበት፤ የ«ሊ»ን ፕሪም ከ«ሊ» ኮረብታ የሚለየው እርሱ ብቻ ነውና። ሦስተኛ፣ ባለስሙ በሕይወት ካለ ከመጻፍ በፊት ሊጠየቅ ይገባል፤ የሚጠየቀውም «የቤተሰብ ስምዎ ማን ነው?» ተብሎ ሳይሆን «ስምዎ በአገርዎ ፊደል እንዴት ይጻፋል? የትኛው የእርስዎ፣ የትኛው የአባትዎ ነው? በየትኛውስ ቢጠሩ ይወዳሉ?» ተብሎ ነው።

ይህ ጥያቄ በመስኮት ፊት ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ያልተጠየቀ ስም ግን የአየርላንዱን ባለቅኔ ከግጥሙ፣ ኢትዮጵያዊቱን እናት ከልጇ ሲለያይ ታይቷል። የአገሩ ልጆች ስም በባዕድ መዝገብ ሲበላሽ ቅር የሚለው የማኅበሩ አባል፣ በራሱ ካታሎግ የሚያስገባውን የኮሪያዊ፣ የቬትናማዊና የኖርዌያዊ ስም በዚያው ጥንቃቄ እንዲይዝ ሙያው ያስገድደዋል። ሥራው ከነገ ጀምሮ፣ በየጠረጴዛው ላይ ከሚገኘው ከመጀመሪያው ካርድ ሊጀመር ይችላል።